ፍላሹን አትግዢው፣ መዝገብ ክፈቺ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ይድረስ ለጋሼ፤ ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። 10ኛና 11ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል አለን፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነው የተከማቸበት። ፕላዝማው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ተማሪ አንድ ነው። ኢንተርኔት የማገኘው በራሴ ስልክ፣ በራሴ ብር ነው። ቴሌግራም ላይ ያልገባሁበት የትምህርት ቻናል የለም። ስልኬ በፒዲኤፍ ሞልቶ ፎቶ ማንሳት እንኳ አቅቶኛል፤ ክፍል ገብቼ የተጠቀምኩበት ግን አንድም የለም ማለት ይቻላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ‹አሥር ሺህ መጽሐፍ ያለበት ዲጂታል ላይብረሪ› እያለ ፍላሽ በ3,500 ብር እየሸጠልን ነው። ሁለት ባልደረቦቼ ገዝተዋል። በዚያ ላይ በክረምት ፕሮግራም ማስተርሴን ጀምሬያለሁ፤ የጥናት ጽሑፍ ልከፍት ስል ሁሉም ገጽ ዶላር ይጠይቀኛል። በእውነት ነፃ የሚባል ነገር አለ? ካለስ ከየት ልጀምር? ፍላሹንስ ልግዛው?»

እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ከፍላሹ ልጀምር፤ ሰውየው ነገም ሊመጣ ይችላልና። አትግዢው።

ፍላሹ ራሱ ዋጋ አለው። ቁጭ ብሎ የገለበጠው ሰው ድካምም ዋጋ አለው። የዕቃውንና የድካሙን ብቻ ቢጠይቅ አልቃወመውም ነበር። እንዲህ ያሉ ፍላሾችን ግን በሥራዬ ምክንያት ደጋግሜ ከፍቼ አይቻለሁ። ውስጣቸው ካለው አንዳንዱ ባለቤቶቹ ለዓለም በነፃ የሰጡት ነው፤ እሱን ያለ ክፍያ ታገኚዋለሽ። አንዳንዱ ደራሲዎቹ ሳያውቁ የተገለበጠ ነው፤ አንቺ ብትከፍዪም ለእነሱ አምስት ሳንቲም አይደርሳቸውም። የሚያሳስበኝ ግን በመጻሕፍቱ መሀል ተሸጉጦ የሚመጣው ቫይረስ ነው። ባልደረቦችሽ ከገዙት ላይ ልትገለብጪ ከሆነ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ይፈተሽ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤፒኬ (.apk) ወይም ኢኤክስኢ (.exe) የሚል ካየሽ እንዳትነኪው። መጽሐፍ እንደዚያ ተደርጎ አይመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካኝ «ስልኬ ሞልቶ ክፍል ውስጥ የተጠቀምኩበት አንድም የለም» ያልሽው ነው። ይሄ ያንቺ ስንፍና አይደለም። አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ብዙ ዓመት የሠራሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ በጎ አድራጊ ሰው ሃርድ ዲስክ ይዞልን መጣ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ነበረበት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ ጫንነው፣ «ኢ-ላይብረሪ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን። ዓመት ሊሞላው ሲል አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ መጣችና የካልኩለስ መጽሐፍ ጠየቀችኝ። «የለንም» አልኳት፤ ሄደች። ማታ ሃርድ ዲስኩን ሳገላብጥ ስድስት የካልኩለስ መጽሐፍ አገኘሁ። አንደኛው ስሙ ቁጥር ብቻ ነበር። ሌላው «አዲስ ፎልደር» ውስጥ፣ እዚያም ውስጥ ሌላ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ያቺን ልጅ ዳግም አላገኘኋትም።

ከዚያ ሦስት ሆነን ሥራችንን ትተን ተቀመጥን። አንድ በአንድ እየከፈትን፣ ለእኛ ተማሪዎች የሚሆነውን ብቻ እየለየን፣ ሁለት መቶ ገደማ መጽሐፍ መረጥን። ዝርዝሩን አትመን በር ላይ ለጠፍነው። በነጋታው ልጆች ዝርዝሩ ፊት ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ አየሁ። መጽሐፉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር። የጎደለው መዝገብ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር እንድትገዢ ነው። ቀልዴን አይደለም። ርዕሱን፣ ያዘጋጀውን፣ የወጣበትን ዓመት፣ ከየት እንዳወረድሽው፣ ለስንተኛ ክፍል ለየትኛው ምዕራፍ እንደሚሆን ጻፊበት። የመጨረሻው ዓምድ ላይ «ሞከርኩት» ወይም «አልሞከርኩትም» በዪ። ስልክሽ ላይ ካለው ክምር ያዘጋጀው ሰው ወይም ተቋም ያልታወቀውን፣ ገጹ የጎደለውን፣ መልሱ የተሳሳተውን ሰርዢ። አዝነሽ አታስቀሪው። ምናልባት አሥር ፋይል ብቻ ሊቀርሽ ይችላል። አሥሩ ይበቃሻል።

መዝገቡ ላይ አንደኛ ተራ የሚይዘው የራሳችን መጽሐፍ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የተማሪ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያ በፒዲኤፍ ለቋል። መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያው ፋይል በቴሌግራም ተቆራርጦ፣ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ይዞራል። አንቺ ንጹሑን ያዢ፣ ለተማሪዎችሽም በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ስጪ። የሚቀጥለው ሁሉ ለዚህ መጽሐፍ ማገዣ ነው፤ በቦታው የሚተካ አይደለም። ፈተናው የሚወጣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ስለ ላቦራቶሪው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለአንቺ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

ፌት የሚባል ነገር አለ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራው። ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን ነው፤ ሽልማቱን ባገኘ ማግስት፣ በ2002። ሥራው የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የባዮሎጂ ሙከራዎችን ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ በእጅ እየጎተቱ እንዲሞከሩ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ሁሉም በነፃ ነው። ምዝገባ አይጠይቅም። ለአንቺ ወሳኙ ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ እንደ አንድ ፋይል ይወርዳል፤ መጠኑም ጥቂት ሜጋባይት ነው። አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ብሮውዘር ላይ ይከፈታል።

የ10ኛ ክፍል መጽሐፍሽ ውስጥ ስታቲክና ከረንት ኤሌክትሪሲቲ አለ። ለእሱ «ሰርኪዩት ኮንስትራክሽን ኪት፦ ዲሲ» የሚለውን አውርጂ። ስትከፍቺው ባዶ ሰሌዳ ይመጣል። ከጎን ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ ሬዚስተር፣ ማብሪያ ማጥፊያ ተደርድሯል። ጎትተሽ ታገናኛቸዋለሽ። ሰርኪዩቱ ሲዘጋ ትንንሽ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሽቦው ውስጥ መሄድ ይጀምራሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ቮልቴጁን ስትጨምሪ ይፈጥናሉ። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ አገናኝተሽ ከረንቱ ከልክ ካለፈ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አጭር ሰርኪዩት ማለት ምን እንደሆነም አይረሱትም። ሳንቲም፣ ላጲስ፣ እርሳስ፣ የወረቀት መያዣ ሽቦም አለው። የትኛው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የትኛው አያስተላልፍም የሚለውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ግን ልጆቹ ከማየታቸው በፊት ጠይቂያቸው። አንድ ባትሪና አንድ አምፖል አብሪ። «በሲሪየስ፣ ማለትም በዚያው መስመር ላይ በተከታታይ፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል ብጨምር ምን ይሆናል? የትኛው ይበልጥ ይበራል?» በዪ። ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ብዙዎቹ «ለባትሪው የቀረበው ይበልጥ ይበራል፤ እሱ ከረንቱን ስለሚበላው ለሁለተኛው ትንሽ ነው የሚቀረው» ብለው ይጽፋሉ። የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የዓለም ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። ከዚያ ሁለተኛውን አምፖል ጨምሪ። ሁለቱም እኩል ደብዘዝ ይላሉ። የከረንት መለኪያውን፣ አምሜትሩን፣ ከመጀመሪያው አምፖል በፊትም፣ በሁለቱ መካከልም፣ ከሁለተኛው በኋላም አድርጊ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት ትምህርቱ። ሲቻልሽ ደግሞ ከሱቅ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ትንሽ ሽቦ ገዝተሽ በእውነተኛው ድገሚላቸው። ስክሪኑ እጅን አይተካም።

በላፕቶፕ ካሳየሽው የተሻለ ነው። የሞተው ፕላዝማ የተበላሸው የሳተላይት መቀበያው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ በርቶ ከኋላው የኮምፒውተር ገመድ መሰኪያ ካለው፣ ላፕቶፕ ይያያዝለታል። የትምህርት ቤቱን ቴክኒሺያን አስፈትሺ። ካልሆነም በአምስት በአምስት ቡድን ከፍለሽ በየተራ ማሳየት ነው፤ ይደክማል፣ ግን ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። የፌትን ሙከራዎች ወደ የአገሩ ቋንቋ የሚተረጉሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መምህራንም መተርጎም ይችላሉ። በአንድ ሙከራ ላይ ያሉት ቃላት ብዙ አይደሉም። ክረምት ላይ አንዱን ወደ አማርኛ ብትመልሺ ለሌላ መቶ መምህር ትደርሻለሽ።

ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ሆነሽ ስለምትሠሪ ኪዊክስን ልንገርሽ። ኪዊክስ ነፃ አፕ ነው። ዊኪፒዲያንና ሌሎች ገጾችን እንዳሉ አጥፎ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይነበባል። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ እሱን ለስልክ አትመኚው። ግን በትምህርት ዓይነት የተከፈሉ ትንንሾች አሉ፣ የፊዚክሱን ብቻ ማውረድ ትችያለሽ። የአማርኛውም አለ፤ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ያለው ትንሽ ነው፣ ብዙው አጭርና ያልተሟላ ነው። ለፊዚክስ አትተማመኚበት። የፌት ሙከራዎችም በአንድ ላይ ተጠቅልለው እዚያ ይገኛሉ።

የኪዊክስ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አፑ ያለበትን መጽሐፍ በዋይፋይ ለሌሎች ማካፈል ይችላል። አንቺ ሆትስፖት ትከፍቻለሽ፣ ተማሪዎች በስልካቸው ይገናኛሉ፣ አፑ የሚሰጥሽን አድራሻ ብሮውዘራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ያነባሉ። ዳታ አይበላም። ሲም ካርድም አያስፈልጋቸውም። ትምህርት ቤታችሁ ተማሪ ስልክ እንዳይዝ የሚከለክል ከሆነ ግን ርዕሰ መምህሩን አስቀድመሽ አነጋግሪ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ አንቺ ባለሽበት ብለሽ ጠይቂ። ይሄ ደንቡን መጣስ ሳይሆን ማስፈቀድ ነው።

ኮሊብሪ ደግሞ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው በዪው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ከእሱ ጋር ይገናኛሉ። የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ይይዛል። ተማሪው የት ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተም ለመምህሩ ያሳያል። ካን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳል ካን የሚባል ሰው ራቅ ብላ ለምትኖር ትንሽ ዘመዱ ሒሳብ ሲያስጠና የተጀመረ ነው። ዛሬም ከ1ኛ ክፍል እስከ ካልኩለስ ድረስ ያለ ክፍያ ነው። እውነቱን ልንገርሽና፣ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ለ10ኛ ክፍል ልጆችሽ ይፈጥንባቸዋል። ቪዲዮውን አንቺ አይተሽ ክፍል ውስጥ በራስሽ አንደበት ብታስረጂ ይሻላል። መልመጃውን ግን እነሱ ይሥሩት። ኮሊብሪ ግን ኮምፒውተር የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ አስቢው። ዘንድሮ ኪዊክስ ይበቃል።

ለራስሽ ማንበቢያ ኦፕንስታክስን ያዢ። ሂውስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የኮሌጅ ፊዚክስ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የተዘጋጀ የፊዚክስ መጽሐፍም አለው፤ ለ11ኛ ክፍልሽ እሱ ይቀርባል። ሙሉ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይወርዳል። የሚለየው ግን ፈቃዱ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ የወጣ ስለሆነ መገልበጥ፣ ማተም፣ ለተማሪ ማደል ሕጋዊ ነው፤ የአዘጋጁን ስም መጥቀስ ብቻ ይጠበቅብሻል። አንዳንዶቹ መሸጥን ይከለክላሉ፤ እሱን የመጽሐፉ መግቢያ ገጽ ላይ ታያለሽ። አንድ ምዕራፍ አሳትመሽ ፎቶ ኮፒ ብታደርጊ ማንም አይጠይቅሽም። ፍላሽ ሻጩ ይህን አልነገራችሁም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ፕሮጀክት ጉተንበርግንና ኢንተርኔት አርካይቭንም ይጠቅሱልሻል። ጉተንበርግን ማይክል ሃርት የሚባል ተማሪ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1971 የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በእጁ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ነው የጀመረው። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጽሐፍ አለው። ግን የደራሲነት መብታቸው ያለቀባቸው የቆዩ መጻሕፍት ናቸው፤ ለእንግሊዝኛ ክበብ ልብ ወለድ እንጂ ለፊዚክስ አይሆንሽም። ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ግዙፍ መጋዘን ነው። ብዙው በነጻነት ይወርዳል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ቤተ መጻሕፍት ለተወሰነ ጊዜ የሚዋስ ነው፣ ማስቀረት አይቻልም። አሳታሚዎች ከስሰውት ስለተፈረደበት ከማዋሻው የወጡ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ትናንት ኖሮ ዛሬ ብታጪው አትደንግጪ።

ዳታው እንዳይጎዳሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሊንኩን እንዳየሽ አታውርጂ። ሳምንቱን ሙሉ የሚያስፈልግሽን ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ ረከስ ባለው የሌሊት ጥቅል አውርጂ። ትልልቁን ፋይል ደግሞ ደሴ ስትወርጂ አድርጊው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም የሚሠራ የምታውቂው ሰው አይጠፋም። ባዶ ሜሞሪ ካርድና የተጻፈ ዝርዝር ስጪው። «የሆነ የፊዚክስ ነገር አምጣልኝ» ካልሽው ያው የቴሌግራሙን ክምር ነው የሚያመጣልሽ።

አሁን ወደ ማስተርስሽ። ዶላር የሚጠይቀው ገጽ የአሳታሚው ገጽ ነው። ያው ጽሑፍ ሌላ ቦታ በነፃ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ይህን ስለማያውቅ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን ፈልጊ። በኮምፒውተር ከሆነ ከውጤቱ በስተቀኝ ፒዲኤፍ የሚል ካለ እሱ ነፃ ቅጂ ነው። ከሌለ ከሥር ያሉትን ሌሎች ቅጂዎች እዪ። ኮምፒውተር ላይ አንፔይዎል የሚባለውን ትንሽ ማገዣ ብትጭኚ ነፃ ሕጋዊ ቅጂ ሲኖር አረንጓዴ ቁልፍ ያሳይሻል።

ጥናትሽ ስለ ፊዚክስ ማስተማር ከሆነ ኤሪክን እዪ፤ የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት የትምህርት ጥናት ማከማቻ ነው። ሙሉ ጽሑፍ ያላቸውን ብቻ ለይተሽ መፈለግ ትችያለሽ። ንጹህ ፊዚክስ ከሆነ ደግሞ አርካይቭ አለልሽ፤ ስሙ ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር ይመሳሰላል፣ ሲጻፍ ግን መሀሉ ላይ ኤክስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊዚክስ ሊቃውንት መካከል የተጀመረ ነው። ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ራሳቸው እዚያ ያስቀምጣሉ፤ ያልታረመም ሊሆን ስለሚችል በመጽሔት መውጣቱን አረጋግጪ። የአፍሪካ መጽሔቶችን በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ታገኛለሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎቹን በዲጂታል ማከማቻው ያኖራል። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር። በአገርሽ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ አንድ ጥሩ ጽሑፍ አግኝተሽ የማጣቀሻ ዝርዝሩን ብታነቢ፣ የሁለት ሳምንት ፍለጋ ይቀርልሻል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ በር አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና አሳታሚዎች አብረው የሚያንቀሳቅሱት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ የሚከፈልባቸውን መጽሔቶች በእሱ በኩል ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ። በተቋም ስም ነው የሚሰጠው፤ አንቺ ብቻሽን አትመዘገቢም። ክረምት ላይ የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ «የሪሰርች ፎር ላይፍ መግቢያ አለን?» ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ሠራተኛ «አላውቅም» ካለሽ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ። ተቋሙ ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ ማመልከቻ ጻፉ፣ ተማሪዎች ሆናችሁ ፈርሙበት። የይለፍ ቃሉን ካገኘሽ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊው፤ ከተዘጋ ሁላችሁም ታጡታላችሁ።

ሁሉም ካልተሳካ ለጸሐፊው በቀጥታ ኢሜይል ላኪ። ማን እንደሆንሽ፣ የት እንደምታስተምሪ፣ ለምን እንደፈለግሽው በሦስት መስመር ጻፊ። ብዙ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸው ሲነበብላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይልካሉም።

ሰርተፍኬት የሚፈልጉ ተማሪዎች ካሉሽ፣ የመንግሥት የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከነሰርተፍኬቱ በነፃ ነው። ሃርቫርድ የሚሰጠው ሲኤስ 50 የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስም እንዲሁ፤ ግን ከባድ ነው፣ በርትቶ ለሚማር ብቻ ንገሪ። በሌሎች ብዙ ቦታዎች «ነፃ» የሚለው ትምህርቱን እንጂ ሰርተፍኬቱን አይመለከትም። ልጆቹ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ያሳዩሽ።

ከሐይቅ አጠገብ ነሽ ስላልሽኝ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ከፊዚክስ ውጭ ነው፤ ግን ልጆችሽ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚረዱበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ባለሙያዎች በየገዳሙና በየአድባራቱ እየዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን አነሡ። የፊልሙ ቅጂ የተቀመጠው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ብዙዎቹን ብራናዎች እያነበቡ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ መዘገቡ። መዝገብ ስልሽ የነበረው ይሄን ነው። እሳቸው ባይመዘግቡት ፊልሙ ፊልም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከእነዚያ አንዱ በቁጥር 1832 የተመዘገበው ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ነው። የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ ዕድሜው ከ700 ዓመት በላይ የሆነ። ልጆችሽ በየቀኑ ከሚያዩት ሐይቅ የወጣ መጽሐፍ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ስብስቡን በበይነ መረብ ላይ ከፍቶታል፤ በነፃ ተመዝግበሽ መፈለግ ትችያለሽ። የታሪክና የአማርኛ መምህራኑን ጥሪ፣ አብራችሁ እዩት።

ሰኞ ከየት እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። ደብተሩን ግዢ። የሰርኪዩቱን ሙከራ ብቻ አውርጂ፤ ሌላ ነገር አትንኪ። የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር እሱ ይሁን። ኪዊክሱ ለሚቀጥለው ወር፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ ለክረምቱ ይቆይሽ። ሁለተኛውን አምፖል ከመጨመርሽ በፊት ልጆቹ ምን ብለው እንደገመቱ ግን ቆጥረሽ ጻፊልኝ፤ ስንቶቹ «የቀረበው ይበራል» እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ።